የ417ን መዝገብ ሳልከፍት እንድመረቅ ስለመጠየቅ

ለክብርት ወይዘሮ ኤሌኖአ ፋካታቫ
የኮሌጁ የተማሪዎች የተግባር ልምምድ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ኑኩአሎፋ

ግልባጭ፦ ለአቶ ዊልኮት፣ የልምምድ ገምጋሚ

ቀን፦ ኖቬምበር 18 ቀን 2019

አመልካች፦ ሊሲያቴ ፓኦንጎ፣ የሦስተኛ ዓመት የኮምፒውተር ተማሪ፣ ሞቱሎአ ደሴት፣ ሃአፓይ

ጉዳዩ፦ ለሥነ ተዋልዶ ጤና ጥናት የመረጃ ቋት በመሥራት ያደረግሁት የተግባር ልምምድ «አልተሟላም» ተብሎ የተሰጠኝ ውጤት እንደገና እንዲታይልኝ ስለመጠየቅ

ክብርት ሆይ፣

1. ከሁሉ አስቀድሞ ይህን አቤቱታ ለእርስዎ መጻፍ የሚፈቀድልኝ መሆኑን ማጣራት ነበረብኝ። እናቴ፣ የአባቴ እህትና የቄሳችን ባለቤት ባለፈው ቅዳሜ በረንዳ ላይ ተቀምጠው የእርስዎን ዘር ከአያቶችዎ ጀምረው ቆጠሩት። ከሰዓቱ በሙሉ በዚሁ አለቀ፤ በመካከሉም ሁለት ጊዜ ተጣልተው ታርቀዋል። በመጨረሻ በአባትዎም በእናትዎም ሩቅ ያሉት የኒዩአ ደሴቶች ሰው መሆንዎና ከእኛ ወገን ጋር ምንም ዝምድና እንደሌለዎት ተረጋገጠ። በዚህ እጅግ ደስ ብሎኛል፤ እባክዎ በክፉ አይዩብኝ። ዝምድና ተገኝቶ ቢሆን ኖሮ ለእኔ እህት ይሆኑ ነበርና፣ ከዚህ በታች ካለው አንዱንም መስመር ልጽፍልዎ አልችልም ነበር።

2. በልምምድ ማመልከቻ ቅጹ ላይ አንደኛ ምርጫዬ የዓሣ ሀብት የመረጃ ቋት ነበር። ሁለተኛ ምርጫዬም የዓሣ ሀብት ነበር። በሦስተኛው መስመር ላይ «ከላይ ካሉት ሁለቱ አንዱ» ብዬ ጽፌአለሁ። ጽሕፈት ቤትዎ ግን «የአካባቢውን ኅብረተሰብ በሚገባ ያውቃል» በሚል ምክንያት ከጁላይ 8 እስከ ኦክቶበር 25 ድረስ በተወለድኩበት ደሴት ጤና ጣቢያ መደበኝ። ምክንያቱ እውነት ነው። ኅብረተሰቡን በሚገባ አውቃለሁ፤ ችግሬም እሱ ነው። የዓሣውን ሥራ ያገኘችው የዓሣ ሽታ ሲደርሳት የሚያስነጥሳት የክፍሌ ልጅ ናት፤ እስካሁን እያስነጠሳት እንደሆነ ጽፋልኛለች።

3. የሚቀጥለውን ለእርስዎ ማስረዳት ድፍረት ይሆንብኛል። ሆኖም ግልባጩ ለአቶ ዊልኮት ስለሚደርሳቸውና እሳቸው አገራችን ከገቡ ገና አምስተኛ ወራቸው ስለሆነ ልጽፈው ተገድጃለሁ። በእኛ ዘንድ ወንድም በእህቱ ፊት ስለ መኝታና ስለ እርግዝና አያወራም። አብረው ተቀምጠው ሳሉ እንዲህ ያለ ነገር በቴሌቪዥን ብቅ ካለ አንዱ ተነሥቶ ይወጣል። እህት ማለት ደግሞ የእናት ልጅ ብቻ አይደለችም። የአጎት ልጅም፣ የአክስት ልጅም፣ የአያት ወንድም የልጅ ልጅም እህት ናት። ስለዚህ በሞቱሎአና በሦስቱ ጎረቤት ደሴቶች ያሉ ሴቶች ለእኔ በሦስት ይከፈላሉ፤ እናቶቼ፣ እህቶቼ፣ እና ለትዳር ከሌላ ቦታ የመጡ። እነዚህ የመጨረሻዎቹ አሥራ አራት ናቸው።

ጥናቱ የሚፈልገው ደግሞ የ612 ሴቶች የአሥራ ሁለት ዓመት መዝገብ ወደ ኮምፒውተር እንዲገባለት ነው፤ ማን መቼ አረገዘች፣ ስንት ወለደች፣ በስንት ዓመት ልዩነት፣ ምን መከላከያ ወሰደች፣ የማን ፅንስ ጨነገፈ። ክብርት ሆይ፣ ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር ስጽፍ ጆሮዬ ጋለ፤ ለመቀጠል ውኃ ጠጥቼ መመለስ ነበረብኝ።

4. ታዲያ በመጀመሪያው ቀን ለምን እምቢ አላልክም ይሉኝ ይሆናል። የጤና ጣቢያው ዋና አዋላጅ ነርስ ቫሲቲ የአባቴ ታላቅ እህት ናቸው። አባቴ ራሱ እሳቸው ሲገቡ ከወንበሩ ይነሣል። የአባት እህት እምቢ እንደማትባል እርስዎም አይጠፋዎትም። ቢሆንም ሞክሬአለሁ። በር ላይ ቆሜ፣ ኮፍያዬን እያሻሸሁ፣ «አክስቴ፣ እኔ እኮ ለዚህ ሥራ አልሆንም፤ እህቶቼ ናቸው» አልኳቸው።

«ተቀመጥ» አሉኝ። «አሥራ ሁለት ዓመት የጻፍኩትን መዝገብ ምስጥ እየበላብኝ ነው፤ አንተ ደግሞ አፍራለሁ ትለኛለህ? እፍረቱን አንተ ቻለው፤ ምስጡን ማሽንህ ይቻለው።»

ተቀመጥኩ።

5. የሥራችን ሁኔታ እንደሚከተለው ነበር። አክስቴ ከቤታቸው ትልቁን ምንጣፍ አምጥተው በክፍሉ መካከል እንደ መጋረጃ ሰቀሉት። በእሳቸው በኩል መዝገቡ፣ ስሞቹና አንድ ኮምፒውተር ሆኑ። በእኔ በኩል ሌላ ኮምፒውተር፣ አንድ ወንበርና መስኮቱ። እኔ ሠንጠረዦቹን፣ ዓምዶቹንና ማጣሪያዎቹን እሠራለሁ፤ እሳቸው ይሞላሉ። በእኔ ስክሪን ላይ የሴቶቹ መለያ ቁጥርና ሥርዓቱ የሚያወጣው ቀለም እንጂ ሌላ ምንም እንዳይታይ አድርጌ ሠራሁት። አንድ ነገር ሲበላሽ በምንጣፉ አሻግረን እንነጋገራለን።

«ሊሲያቴ! ያኛው ነገር ከዚያኛው ነገር ጋር አልገጥም አለኝ።»

«በስንተኛው ዓምድ ነው፣ አክስቴ?»

«በሰባተኛው።»

«ምን ጻፉበት?»

«ብነግርህ በመስኮት ትወጣለህ።»

እንዲህ እየተባባልን አሥራ ስድስት ሳምንት ሠርተናል። ሰባተኛው ዓምድ ውስጥ ምን እንዳለ ዛሬም አላውቅም፤ ግን በትክክል ይሠራል።

ያጠፋሁትንም አልደብቅም። አንዲት ሴት ቢበዛ ስንት ልጅ ልትወልድ እንደምትችል መጠየቅ አፍሬ፣ በራሴ ግምት የመጨረሻውን ቁጥር ስምንት አደረግሁት። በሦስተኛው ሳምንት አክስቴ 11 ብለው ሲጽፉ ማሽኑ «ስህተት» አላቸው። ምንጣፉ ሳይቀር ተንቀጠቀጠ። «ስህተት? ማን ነው ስህተት? አሥራ አንዱንም እኔ ነኝ ያዋለድኳቸው! በስም ልጥራልህ?» አሉ። አይጥሩ ብዬ ለመንኩ። ቁጥሩን ወደ ሃያ ከፍ አደረግሁት፤ እሳቸውም «አሁን ሰው ሆንክ» አሉኝ።

6. አቶ ዊልኮት ኦክቶበር 24 ቀን ለግምገማ መጡ። በግልጽ ልናገር፣ መልካም ሰው ናቸው። እናቴ በኮኮናት ወተት የበሰለ የጎደሬ ቅጠል በሥጋ ስታቀርብላቸው ሦስት ጊዜ አስጨምረዋል፤ በዚህም የቤታችንን ልብ አግኝተዋል። የመጡት ግን ሐሙስ ነው፤ ሐሙስ ደግሞ የነፍሰ ጡሮች ክትትል ቀን ነው። በሪፖርታቸው «ተማሪው በአንድ ቀን ውስጥ ዘጠኝ ጊዜ ያለ ፈቃድ ከሥራ ቦታው ወጥቷል፤ ከእነዚህ አንዱ በመስኮት ነው» ብለዋል። ቁጥሩ ልክ ነው። በመስኮት የወጣሁት በሩ ላይ ሁለት እህቶቼ ከአክስቴ ጋር መነጋገር ስለጀመሩ ነው። አቶ ዊልኮት «የት ነው የምትሄደው?» እያሉ በዚያው መስኮት ሊከተሉኝ ሲሞክሩ ሱሪያቸው ሚስማር ይዞት ተቀዷል። በዚህ አዝናለሁ፤ እናቴ ወዲያው ሰፍታላቸዋለች፤ የሰፋችበት ክር ቀለሙ አለመመሳሰሉ ግን የእሷ ጥፋት አይደለም፤ ሱቁ ያለው ያንን ብቻ ነው።

በዚሁ ሪፖርት «ስለ ራሱ ሥራ አያውቅም» ተብያለሁ። ይህ የመጣው አቶ ዊልኮት ወደ ስክሪኑ ጠቁመው «በዚህ ዓምድ ውስጥ ምን አለ?» ሲሉኝ፣ «አላውቅም ጌታዬ፤ እግዚአብሔር ከፈቀደ ወደፊትም አላውቅም» ብዬ በመመለሴ ነው። መልሱ ቅን ነበር። በአነጋገሬ ድፍረት ታይቶ ከሆነ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ በይዘቱ ግን እጸናለሁ።

7. ከሁሉ የከበደብኝ «የሐሰት መረጃ ፈጥሯል» የሚለው ክስ ነው። አንድ የመረጃ ቋት እውነተኛ መረጃ ሳይገባበት በፊት በሙከራ መረጃ መፈተሽ እንዳለበት የተማርኩት በእርስዎ ኮሌጅ ነው። ለሙከራው የሴት ስም ያስፈልገኝ ነበር። የማውቀውን የሴት ስም ሁሉ ሞከርኩ፤ የእህቴ ያልሆነ ስም አጣሁ። የእህቴን ስም ጽፌ ከጎኑ «ሦስተኛ እርግዝና» የምል ሰው አይደለሁም። ስለዚህ የዓሣ ስም ተጠቀምኩ። አቶ ዊልኮት የሙከራውን ሠንጠረዥ ሲከፍቱ «ቱና፣ 34 ዓመት፣ አምስት ልጆች፤ ባራኩዳ፣ 19 ዓመት፣ የመጀመሪያ እርግዝና፤ ሻርክ፣ መከላከያ አልፈልግም ብላለች» የሚል አገኙ። የሳቁ መስሎኝ ነበር፤ ለካ እያስሉ ነው።

የዓሣዎቹ ሠንጠረዥ ከእውነተኛው ሙሉ በሙሉ የተለየ መሆኑን፣ አንድም ዓሣ ወደ ጥናቱ እንዳልገባ፣ አክስቴ በፊርማቸው ያረጋገጡበትን ወረቀት ከዚህ ጋር አያይዣለሁ። ከፊርማቸው ሥር «ባራኩዳ በሰላም ተገላግላለች» ብለው የጨመሩትን እባክዎ እንዳላዩ ይለፉልኝ። ሰባ ሊሞላቸው ሁለት ዓመት ቀርቷቸዋል፤ የሚቆጣቸው ሰው የለም።

8. አሁን ወደ ዋናው ነገር እመጣለሁ። እስካሁን በጨዋታ የጻፍኩት እዚህ እስክደርስ ድረስ ድፍረት ለማግኘት ነው።

አክስቴ ከሠላሳ ዓመት በላይ በጭንቅላታቸው ይዘውት የኖሩትን ነገር በሁለተኛው ወር በወረቀት ጽፈው ሰጡኝ። የጻፉት በቁጥር ብቻ ነው፤ ዘጠነኛው ዓምድ ከዚህ ከበለጠ፣ አሥራ አራተኛው ከዚያ ካነሰ፣ ሃያኛው «አዎ» ከሆነ፣ መስመሩ ይቅላ። ትርጉሙን አልጠየቅሁም። እንዳሉት አድርጌ ሠራሁት።

ሴፕቴምበር 9፣ ሰኞ ጠዋት፣ መስመር 417 ቀላ።

«አክስቴ፣ 417 ቀልታለች» አልኩ በምንጣፉ አሻግሬ።

ሌላ ጊዜ እንዲህ ስል «ማሽንህ ዛሬ ደግሞ ማንን ጠላ?» ይሉኝ ነበር። የዚያን ቀን ግን መዝገቡ ሲገለጥ ሰማሁ። ከዚያ ወንበራቸው ወደ ኋላ ሲገፋ። ከዚያ ስልክ አነሡና ጮኹ፤ «ጀልባው ተነሣ እንዴ? እንዳይነሣ! ካፒቴኑን እኔ ነኝ ያዋለድኩት፤ ይጠብቀኝ በለው!» ስልኩን እንደዘጉ በምንጣፉ ጠርዝ ፊታቸውን አሳዩኝ። ፊታቸውን እንዲያ ሆኖ አይቼው አላውቅም። «ሊሲያቴ፣ ውጣ» አሉኝ፤ «በበሩ አይደለም።»

በመስኮት ወጣሁ።

ለምሳ ቤት ስገባ እናቴ «ሌሲዬሊ ኑኩአሎፋ ሄዳለች» አለችኝ። ሌሲዬሊ የእናቴ ልጅ ናት፤ ታላቄ ናት። ባሏ አውስትራሊያ ፍሬ ለቀማ ሄዶ ስለነበር ከእናቴ ጋር ትኖር ነበር፤ እኔ እንደ ወጉ በጓሮ ባለችው የወንዶች ቤት አድራለሁ። ነፍሰ ጡር መሆኗን ዓይኔ ያያል፤ አፌ ግን አንስቶት አያውቅም። «እሺ» አልኩ። አባቴ ሬዲዮኑን ከፍ አደረገው። የባሕሩ ማዕበል ሁኔታ እየተነገረ ነበር፤ ሦስታችንም ከዚያ በፊት አዳምጠነው በማናውቀው ትጋት አዳመጥን።

በዚያ ጀልባ ሦስት ነፍሰ ጡሮች ወደ ትልቁ ሆስፒታል ሄደዋል፤ ሁለቱ እዚያው ቆይተው ሊወልዱ በቀጠሯቸው፣ አንዷ በጥድፊያ። ይህን የማውቀው ጀልባ ሲነሣ ደሴቱ በሙሉ ስለሚያይ ነው። ማንኛዋ በጥድፊያ እንደሄደች ግን ሦስቱም ተከናንበው ስለተሳፈሩ የሚያውቁት አክስቴና እናቶቻቸው ብቻ ናቸው። ሦስቱም እህቶቼ ናቸው። 417 ከሦስቱ አንዷ ናት። ሌሲዬሊ ልትሆን ትችላለች፤ ላትሆንም ትችላለች።

አላውቅም ማለቴ ግድ የለኝም ማለት አይደለም። ለአምስት ሳምንታት በየጠዋቱ መጀመሪያ የማየው መስመር 417ን ሆነ። የመረጃ ቋቱን የሠራሁት እኔ ነኝና የይለፍ ቃል ኖረም አልኖረም እንዴት እንደሚከፈት አውቃለሁ። የ417ን ስም ለማየት አራት ቁልፍ መንካት ብቻ ይበቃል። አንድ ጠዋት አክስቴ ገና ሳይመጡ ሦስቱን ነክቼአለሁ። አራተኛውን አልነካሁም። ተነሥቼ ወደ ባሕር ሄድኩና እስኪደክመኝ ዋኘሁ። እፍረት ብቻ አልነበረም፤ ፈርቼም ነበር።

ኦክቶበር 12 ቀን ከምንጣፉ ወዲያ «417 ደህና ናት» የሚል ድምፅ ሰማሁ። «ሕፃኑም ደህና ነው። ደም ብዙ ፈሷት ነበር፤ በዚያ ቀን ባትሄድ ኖሮ እዚህ እኔ እጅ ላይ ነበር የምትሞተው።» ይህንን መስማት አይገባኝም ነበር፤ እሳቸውም መንገር አይገባቸውም ነበር። ሁለታችንም ይህን እናውቅ ነበር። እኔ ኪቦርዱ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። አክስቴ ትንሽ ታገሡኝና «በል በቃ፣ ማሽኑን ታረጥበዋለህ፤ ሰባተኛው ዓምድ ዛሬም እያስቸገረኝ ነው» አሉኝ።

ከሳምንት በኋላ ሌሲዬሊ ወንድ ልጅ ታቅፋ ተመለሰች። በዚያው ወር ሁለቱ ሌሎች እህቶቼም ታቅፈው ተመልሰዋል።

9. አክስቴ ለአቶ ዊልኮት «ይህ የምትነቅፉት ልጅ የአንዲት ሴት ሕይወት አትርፏል» ብለው በኩራት ነገሯቸው። ስም አልጠሩም። አቶ ዊልኮት ዓይናቸው በራ፤ በእውነትም በጎ ነገር ሊያደርጉልኝ ፈልገው ይህን አሉኝ፤ «ሌላውን ሁሉ ልተውልህ። ስለ 417 ሁለት ገጽ ጻፍልኝ። ማን እንደሆነች፣ ምን እንደገጠማት፣ የሠራኸው ሥርዓት እንዴት እንዳተረፋት። መዝገቧን ክፈትና ጻፍ፤ በከፍተኛ ማዕረግ ታልፋለህ።» ጽሑፉን እስከ ኖቬምበር 29 ካላቀረብኩ «አልተሟላም» የሚለው ውጤት ይጸናል፤ በዲሴምበር አልመረቅም፤ ልምምዱም የሚከፈተው በዓመት አንድ ጊዜ ስለሆነ እስከሚመጣው ጁላይ እጠብቃለሁ።

ያቺ የሚያስነጥሳት የክፍሌ ልጅ በስልክ ስነግራት ሳቀችብኝ። «ለሁለት ገጽ ነው እንዲህ የምትሆነው? ፈጥረህ ጻፋ! ሻርክን መከላከያ አልፈልግም ያስባልክ ሰው!» አለችኝ። እውነት ለመናገር አንድ ምሽት ሙሉ አስቤበታለሁ፤ አንድ ገጽ ተኩልም ጽፌ ነበር። ቀደድኩት። 417 ዓሣ አይደለችም።

መዝገቡን ከፍቼ ስሟ የሌሲዬሊ ሆኖ ባገኘው፣ ከዚያ ቀን በኋላ እህቴ ሻይ ስታቀርብልኝ ቀና ብላ አታየኝም፤ እኔም አላያትም። የሌላዋ ሆኖ ባገኘውም እንደዚያው ነው። ይህ ለአቶ ዊልኮት ትንሽ ነገር ሊመስላቸው ይችላል። ለእኔ ከአንድ ዓመት ይበልጣል። ስለዚህ ምርጫ ከቀረበልኝ ዓመቱን እጠብቃለሁ፤ መዝገቡን አልከፍትም። ነገር ግን መጠበቅ የለብኝም ብዬ አምናለሁ፤ ወደ እርስዎ የመጣሁትም ለዚህ ነው።

10. ስለሆነም የሚከተለው እንዲፈጸምልኝ በታላቅ ትሕትና አመለክታለሁ።

ሀ) ሳላይ የሠራሁት ሥራ፣ ሳላይ በመሥራቴ የተበላሸ ሳይሆን ሳላይ እንዲሠራ ሆኖ የተሠራ መሆኑ ታውቆ ልምምዴ እንደተሟላ ይቆጠርልኝ። በምንጣፉ ምክንያት ከ612ቱ ሴቶች የአንዷም ምስጢር ከአክስቴ እጅ እንዳልወጣ ከግምት ይግባልኝ። ስለ 417 ያመለጠቻቸውን አንዲት ቃል አክስቴ ራሳቸው ይጠየቁባት፤ የሚጠይቃቸው ሰው ከተገኘ።

ለ) ሥራው መሥራቱን ማረጋገጥ የግድ ከሆነ፣ መጀመሪያ 417 ራሷ በአክስቴ በኩል ትጠየቅ። ከፈቀደች፣ ከእኛ ወገን ያልሆነች አንዲት ሴት ገምጋሚ ተልካ መዝገቡን ትይ። ለእርስዎም «ሠርቷል» ወይም «አልሠራም» ብላ ትጻፍልዎ። ለእኔ ግን ምንም አትንገረኝ። ስትወጣም በሌላ በር ትውጣ፤ የሰው ፊት ማንበብ እችላለሁ።

ሐ) ወደፊት በልምምድ ማመልከቻ ቅጹ ላይ «በሥራው ቦታ እህት አለህ ወይ? ካለህ ስንት?» የሚል ጥያቄ ይጨመር። ለሃአፓይ ተማሪዎች ተጨማሪ ወረቀት እንዲያያዝላቸው አሳስባለሁ።

11. ትናንት እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እናቴ የሌሲዬሊን ልጅ አምጥታ እቅፌ ላይ አኖረችው። ሌሲዬሊ ራቅ ብላ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ ነበር። ስለ ጀልባው አልጠየቅኳትም። ልጁ ጣቴን ያዘና አልለቅም አለ። የእህት ልጅ ከእናቱ ወንድም ቤት ዓይኑ ያረፈበትን ሁሉ አንስቶ ቢሄድ ማንም እንደማይከለክለው እርስዎም ያውቃሉ። እናቴም ይህን እያሰበች «በቃ፣ ጣትህም የእሱ ሆነች» አለችኝ፤ ሌሲዬሊ ፊቷን አዙራ ስትስቅ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁ።

ክብርት ሆይ፣ ከዚህች ጣት ሌላ ይህ ልጅ አድጎ ሲመጣ የሚወስድብኝ ነገር የለኝም። ዲፕሎማዬን ይስጡኝና ግድግዳዬ ላይ ልስቀለው፤ መጥቶ ይውሰደው።

ከታላቅ አክብሮትና ከሞቱሎአ ሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
ሊሲያቴ ፓኦንጎ